ጭራቁን ሰላም በሉልኝ

የእህቴ ልጅ ከአሜሪካ ፎቶ ላከልኝ። እሱ ጥርሱን ሁሉ ገልጦ ቆሟል። ከጎኑ ዕድሜያቸው ሰማንያን የተሻገረ፣ ሸሚዛቸው የሰፋቸው አንድ ነጭ ሽማግሌ፣ በአንድ እጃቸው ከዘራ በሌላው እስክሪብቶ ይዘው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ስልኬን ይዤ ቡና የጠራችን ጎረቤታችን ቤት ገባሁ። ደሴን ታውቋታላችሁ፤ ብርዱ ከጦሳ መውረድ ሲጀምር ሰው ሁሉ ከሰል ወዳለበት ይሰበሰባል። ስልኬ ከአቦሉ ጋር ከእጅ ወደ እጅ ዞረ።

“አማቹ ናቸው?” አለች አንዷ።

“ኧረ አይደሉም።”

“እና ምኑ ናቸው? አሠሪው?”

“ጭራቁ ናቸው” አልኳት።

ቤቱ ዝም አለ። ማስረዳት ነበረብኝ። ሽማግሌው በጉብዝናቸው ዘመን በአንድ የድሮ ፊልም ላይ፣ ከሌላ ዓለም መጥቶ ሰው የሚያሳድድ ፍጡር ሆነው የሠሩ ናቸው። ፊታቸው በፊልሙ ውስጥ አንድም ጊዜ አይታይም። የሚታየው ከጎማ የተሠራ ጭንብል ነው። የእህቴ ልጅ እኚህን ሰው ለማግኘት ሁለት ሰዓት ተሰልፏል። ለፊርማውና ለፎቶው ደግሞ ስልሳ ዶላር ከፍሏል።

“ለሰላምታ?” አለች የቤቱ እመቤት ጀበናውን ከእሳት እያወረደች። “ሰው ሰውን ሰላም ለማለት ይከፍላል እንዴ? ምን ዓይነት አገር ነው እሱ?”

እውነቱን ለመናገር እኔም ያን ዕለት ከእሷ ጋር ነበርኩ። ስንት ዘመን ሥነ ጽሑፍ ያስተማርኩ ሰው ነኝና፣ ማታውን “በስልሳ ዶላር ስንት መጽሐፍ ይገዛ ነበር?” ብዬ ለልጁ ጻፍኩለት። መልሱ አጭር ነበር። “ጋሼ፣ መጽሐፉን ነገም አገኘዋለሁ፤ እሳቸውን ግን ነገ ላላገኛቸው እችላለሁ።”

ስሙኝማ፣ ይህችን መልስ ይዤ ብዙ ቀን ዞርኩ።

ነገሩን ለማታውቁ በአጭሩ ላስረዳ። በአሜሪካና በአውሮፓ የሳይንስ ልብወለድና የአስፈሪ ፊልም አድናቂዎች የሚገናኙባቸው ጉባኤዎች አሉ። ጉባኤ ስላችሁ ታዲያ እንደኛ አጀንዳ፣ የፕላስቲክ ውሃና አበል ያለበት እንዳይመስላችሁ። ገበያና ንግሥ የተቀላቀሉበት ነገር ነው። በሰፊ አዳራሽ ውስጥ ጠረጴዛ ይደረደራል። ከየጠረጴዛው ኋላ ተዋናዮቹ ይቀመጣሉ። ሕዝቡ ተራውን ጠብቆ ሰላም ይላቸዋል፣ ያስፈርማቸዋል፣ አብሯቸው ፎቶ ይነሳል፣ ከፍሎም ይሄዳል።

ጅማሬው ሩቅ ነው። እ.ኤ.አ በ1939 ኒው ዮርክ ላይ ሁለት መቶ ያህል የሳይንስ ልብወለድ አፍቃሪዎች ተሰብስበው ነበር። ከነሱ መካከል ፎረስት አከርማንና ሚርትል ዳግላስ የሚባሉ ሁለት ወጣቶች፣ ዳግላስ ራሷ የሰፋችውን የመጪው ዘመን ልብስ ለብሰው መጡ። ዛሬ ዓለምን ያዳረሰው እንደ ፊልም ገጸ ባሕርይ ለብሶ የመውጣት ልማድ የሚቆጠረው ከነሱ ነው። በ1970 ሳንዲዬጎ ላይ ሦስት መቶ ያህል ሰው ይዞ የተጀመረው ጉባኤ ዛሬ ከመቶ ሠላሳ ሺህ በላይ ሰው ይጎርፍበታል። ‘ስታር ትሬክ’ የተባለው የቴሌቪዥን ድራማ ደግሞ ሦስት ዙር ታይቶ በ1969 ተቋርጦ ነበር። በ1972 አድናቂዎቹ ኒው ዮርክ ላይ ሲጠራሩ፣ አዘጋጆቹ የጠበቁት ጥቂት መቶ ሰው ነበር። የመጣው ከሦስት ሺህ በላይ ሆነ። ተዝካር ሊበሉ የመጡ ሰዎች ሠርግ አደረጉት ማለት ነው። ድራማው ከዚያ ወዲህ በስንት ፊልምና በስንት አዲስ ተከታታይ ተነሥቶ ይኸው እስካሁን አለ።

“የልጆች ጨዋታ ነው” የሚል አይጠፋም። ለእሱ አንድ ታሪክ አለኝ። በዚሁ ድራማ ውስጥ ኒሼል ኒኮልስ የተባለች ጥቁር ተዋናይት ነበረች። በመጀመሪያው ዙር ማብቂያ፣ በ1967 ገደማ፣ ሥራውን ልትተው ወሰነች። በአንድ የጥቁሮች መብት ድርጅት ዝግጅት ላይ ሳለች “አንድ አድናቂሽ ሊያገኝሽ ይፈልጋል” ተባለች። ዞር ስትል ማርቲን ሉተር ኪንግ ናቸው። “አድናቂሽ ነኝ” አሏት፤ ልተው ነው ስትላቸውም አይሆንም ብለው ተከራከሯት። እሷ ራሷ ዕድሜ ልኳን የተረከችው ነገር ነው። ቀረች። እ.ኤ.አ በ2022 እስክታርፍ ድረስም፣ ጠረጴዛዋ ፊት የሚሰለፈው ሕዝብ ይህን ታሪክ ከአፏ ለመስማት ነበር የሚመጣው። አንድ ሰላምታ የት ድረስ እንደሚሄድ ተመልከቱ።

እኔን ይበልጥ የገረመኝ ግን የኮከቦቹ ነገር አይደለም። የባለጭንብሎቹ ነው።

ፒተር ሜይሂው የሚባል እንግሊዛዊ ነበር። ቁመቱ ሁለት ሜትር ከሃያ ይሆናል። ለንደን ውስጥ ሆስፒታል ተቀጥሮ በሽተኛ ሲያመላልስ ነው ለ1977ቱ ‘ስታር ዎርስ’ የተመለመለው። ቹባካ የተባለውን ጸጉራም ፍጡር ሆኖ ሠራ። ፊቱ አይታይም፣ አንዲት የሚገባ ቃልም አይናገርም። ‘ክሪቸር ፍሮም ዘ ብላክ ላጉን’ በተባለው የ1954 ፊልም ደግሞ ሐይቅ ውስጥ የሚኖረውን ጭራቅ የሠሩት ሁለት ሰዎች ናቸው። ከውሃ በታች ሪኮ ብራውኒንግ፣ ከውሃ በላይ ቤን ቻፕማን። ብራውኒንግ ያን ከባድ ልብስ ለብሶ ትንፋሹን እስከ አራት ደቂቃ ይዞ ይዋኝ ነበር ይባላል። በፊልሙ ላይ የሁለቱም ስም አልተጻፈም። ስማቸውን ፈልጎ አግኝቶ፣ በካርቶን ጽፎ፣ ከፊታቸው ያቆመላቸው የአድናቂው ጠረጴዛ ነው። ስቱዲዮው ያላደረገውን ተመልካቹ አደረገው።

ጠረጴዛው ያልደረሰለትን ሰው ማየት የሚፈልግ ቤላ ሉጎሲን ያስብ። በ1931 ‘ድራኩላ’ን ሆኖ ሲሠራ ዓለምን ያስደነገጠ ሐንጋሪያዊ ነው። ከዚያ በኋላ ድራኩላው እንጂ ሰውዬው አልተፈለገም። በርካሽ ፊልሞች ተንከራተተ። በ1955 ከመድኃኒት ሱስ ልታከም ብሎ በገዛ እግሩ የመንግሥት ሆስፒታል ገባ። በዓመቱ ሞተ። የተቀበረው የድራኩላን ካባ እንደለበሰ ነው። የሰው ልጅ በሥራ ልብሱ ሲቀበር እስቲ አስቡት።

አሁን ወደ ደሴ ልመለስ።

በ1980ዎቹ አጋማሽ ላይ እዚህ የቪዲዮ ቤት ዘመን ነበር። አግዳሚ ወንበር፣ መስኮቱን የሸፈነ ጥቁር ጨርቅ፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ማጫወቻ። የፊልሙ ስም በር ላይ በጠመኔ ይጻፋል። ስም ስላችሁ ባለቪዲዮው የሰጠው ስም ነው። አንድ ቀን “አውሬው” የሚል አነበብኩ። ወጣት መምህር ነበርኩ፤ ተማሪዎቼ እንዳያዩኝ ኮፍያዬን እስከ ቅንድቤ አውርጄ ገባሁ። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ፣ ከፊቴ ካለው አግዳሚ ላይ ሦስት ተማሪዎቼ ኮፍያቸውን እስከ ቅንድባቸው አውርደው ተቀምጠዋል። እኔን እንዳያዩኝ የፈራኋቸው ልጆች እኔን ነው የፈሩት። አልተያየንም። ያ ሥነ ሥርዓት እስከ ዛሬ ይከበራል።

ፊልሙ ‘ኤሊየን’ ነበር፤ የ1979ኙ፣ የሪድሊ ስኮት። ከዚያ በፊት ያየኋቸው ጭራቆች ሁሉ ያገሳሉ፣ ይንጎራደዳሉ፣ ጭብጨባ የሚጠብቅ ትግል ያሳያሉ። ይኼኛው ግን እንደዚያ አያደርግም። ይዘረጋል። ታጥፎ የነበረ ነገር ቀስ ብሎ ሲፈታ፣ ክንድ የቱ ጋ እንደሚጀምር፣ እግር የቱ ጋ እንደሚያበቃ ግራ ይገባችኋል። ሰው መሆኑን ዓይናችሁ ሊያረጋግጥ ይጥራል፣ አይችልም። ለዓመታት ለተማሪዎቼ “ፍርሃት ማለት ማወቅና አለማወቅ የሚጋጩበት ነው” እያልኩ ሳስተምር ያንን አዘራረግ ነበር በልቤ የማስበው። ክፍል ውስጥ ግን የጠቀስኩት ሼክስፒርን ነው። ቪዲዮ ቤት ገባሁ አይባልማ!

ጭንብሉ ውስጥ ያለው ሰው አፍሪካዊ መሆኑን የሰማሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ቦላጂ ባዴጆ ይባላል፤ ናይጄሪያዊ ነው። ቁመቱ ከሁለት ሜትር በላይ፣ ክንዱ ረጅም፣ አካሉ ቀጭን። ለንደን ውስጥ የግራፊክስ ተማሪ ሳለ አንድ ተዋናይ መልማይ መጠጥ ቤት ውስጥ አይቶት ነው የወሰደው። ያ አዘራረግ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ታይ ቺ እንዲማር፣ ያለ ቃል በአካል መተወንን እንዲለማመድ ተደርጓል። ልብሱ ጅራት ስላለው ወንበር ላይ መቀመጥ አይችልም። ስለዚህ በእረፍት ጊዜው የሚንጠለጠልበት ዥዋዥዌ ተሠራለት። ከዚያ በኋላ ሌላ ፊልም አልሠራም። ወደ አገሩ ተመልሶ የሥዕል ማሳያ ከፈተ። እ.ኤ.አ በ1992፣ በ39 ዓመቱ፣ በደም ሕመም ሌጎስ ውስጥ አረፈ።

አሁን የሚያስደነግጠኝን ልንገራችሁ። ይህ ልጅ ቤተሰቡ ከናይጄሪያ በወጣ ጊዜ ኢትዮጵያ ውስጥ ኖሯል። የእኛን አየር ተንፍሷል፣ በእኛ መንገድ ተራምዷል። ያኔ ያየው ሰው “ምን ዓይነት ረጅም ልጅ ነው!” ብሎ ይሆናል ያለፈው። እኔ ደሴ ላይ በጨለማ ሳንቲሜን ከፍዬ የፈራሁት ሰው የጎረቤት ልጅ ያህል ቅርብ ነበር። እኔ ቪዲዮ ቤት በገባሁበት ሰሞን ግን በሕይወት አልነበረም። ጠረጴዛም፣ ስሙ የተጻፈበት ካርቶንም፣ ተሰልፎ “እንዴት አድርገህ ነው እንደዚያ የተዘረጋኸው?” ብሎ የሚጠይቀውም ሳያይ ሄደ።

“እኛስ የሳይንስ ልብወለድ ተዋናይ አለን ወይ?” ትሉኝ ይሆናል። አለን። ዳንኤል ታደሰ። እ.ኤ.አ በ2015 የወጣው ‘ክራምብስ’፣ በአማርኛ ፍርፋሪ ልንለው የምንችለው ፊልም፣ ሚጌል ያንሶ በተባለ ስፔናዊ የተዘጋጀ፣ በአገራችን የተቀረጸ፣ በአማርኛ የሚነገር ነው። ዓለም አልቆላታል። ከሰማይ ላይ አንዲት ሞተሯ የጠፋ መንኮራኩር ለዓመታት ተንጠልጥላለች። ዳንኤልና ሰላም ተስፋዬ የሚጫወቷቸው ፍቅረኞች ባዶ የቦውሊንግ ቤት ውስጥ ይኖራሉ። እሷ ለማይክል ጆርዳን ፎቶ ትጸልያለች። እሱ ከፍርስራሽ የለቀመውን የፕላስቲክ መጫወቻ ሱቅ ወስዶ ያስተምናል። ባለሱቁም የማይክል ጃክሰንን ሸክላ እንደ ጥንታዊ ቅርስ ታሪክ እያወጣ ዋጋ ይቆርጥለታል።

ፊልሙ እንከን የለውም አልልም። አንዳንዴ በራሱ ቀልድ ራሱ የሚስቅ ይመስላል፤ አንዳንዴም የዳሎልን ቢጫ ምድር ከሰዎቹ አብልጦ ይወዳል። ነገር ግን አንድ ትልቅ ነገር አድርጓል። ዳንኤል ቁመቱ አጠር፣ አካሉ ጎበጥ ያለ ሰው ነው። የእኛ ሲኒማ ይህን አካል ቢያገኝ ወይ ለማኝ ያደርገው ነበር ወይ መሳቂያ። ‘ክራምብስ’ አፍቃሪ አደረገው፣ ጀግና አደረገው፣ በካሜራው ፊት ብቻውን ምድረ በዳ አቋረጠ። ፊልሙ ሮተርዳም ታየ፣ ዓለም ዞረ፤ ዳንኤል በ2019 ሌላም ፊልም ከዚሁ አዘጋጅ ጋር ሠራ። እስቲ ደሴ ፒያሳ ላይ፣ ወይም ኮምቦልቻ መናኸሪያ ቁሙና ስሙን ጠይቁ። እኔ ጠይቄያለሁ። ከሃያ ሰው አንድ አላገኘሁም። ሰላም ተስፋዬን ግን ሃያውም ያውቃታል፤ በሌሎች ፊልሞቿ።

የእህቴን ልጅ ፎቶ እንደገና እንዳየው ያደረገኝ ይኸው ፊልም ነው። ባለሱቁ ሸክላውን ሲያገላብጥ ሳየው ክታብ ትዝ አለኝ። በእኛ በወሎ ክታብ የማያውቅ የለም፤ ክርስቲያኑም እስላሙም በየወገኑ ያንገት ክታብ ያውቃል። ክታብ ኃይሉ ከቆዳው አይደለም። ጽሑፉን ከጻፈው እጅ ነው። አዋቂው ራሱ ለአንተ፣ በስምህ መጻፍ አለበት። ከሱቅ የተገዛ የታተመ ወረቀት ክታብ አይሆንም። የተዋናይ ፊርማም እንዲሁ ነው። ፎቶውማ ከኢንተርኔት በነጻ ይገኛል። ልጁ ስልሳ ዶላር የከፈለው ያ ጭራቅ የሆነ እጅ፣ አሁን እየተንቀጠቀጠ፣ ስሙን እንዲጽፍለት ነው።

እንግዲህ ወደኛ ቤት። እኛ አርቲስቶቻችንን የምናገኝባቸው ሦስት ቦታዎች አሉ። ማስታወቂያ ላይ፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ላይ፣ ቀብር ላይ። በመጀመሪያ ሳሙና ሲያስተዋውቁ እናያቸዋለን። ቀጥሎ ለሕክምና የዕርዳታ ኮሚቴ ይቋቋምላቸዋል። በመጨረሻ ሕዝቡ ግልብጥ ብሎ ወጥቶ ይቀብራቸዋል። ቴዎድሮስን ሆኖ መድረክ ያንቀጠቀጠው ፍቃዱ ተክለማርያም በኩላሊት ሕመም ሲሠቃይ ገንዘብ ሲሰባሰብለት ነበር፤ በ2010 ዓ.ም አረፈ። ያ ሁሉ ሕዝብ ያለቀሰው ከልቡ ነው፤ አልጠራጠርም። ግን ለቅሶውን የሰማው ማነው?

ማንንም ልወቅስ መብት የለኝም። ከብዙ ዓመት በፊት ኮምቦልቻ ውስጥ ምሳ ልበላ አንድ ቤት ገባሁ። ጥግ ላይ ብቻቸውን ሽሮ የሚበሉ ሰው አየሁ። ወዲያው አወቅኋቸው። በመድረክም በቴሌቪዥንም ክፉ ሰው ሆነው የሚሠሩ፣ ሕዝብ ሲያያቸው ጥርሱን የሚነክስባቸው ተዋናይ ናቸው። እኔ ስለ እኚህ ሰው ክፉ ገጸ ባሕርይ አሠራር አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ያስተማርኩ ነኝ። ልነሳ አልኩ፤ “ምሳቸውን ልረብሽ?” አልኩ፤ ተቀመጥኩ። ጨዋነት መስሎኝ ነው። አስተናጋጇ ሒሳብ ስትቀበላቸው “አንተ ነህ አይደል ያ ሌባው?” አለቻቸው፤ ፈገግ አሉና “እኔው ነኝ” ብለዋት ወጡ። ያን ቀን እሷ ከእኔ ትሻል ነበር፤ ቢያንስ አናገረቻቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ ስማቸውን ከአንድ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ጋር አየሁት። መቶ ብር አስገባሁ። ከዚያ ቀብራቸውን በቴሌቪዥን ተመለከትኩ። ስለ ክፉ ሰው አሠራር የማውቀውን ሁሉ ከእሳቸው መሆኑን እሳቸው ሳያውቁት ሞቱ። መቶ ብሩን ማን እንዳስገባውም አያውቁም።

“ሰላምታ ይሸጣል እንዴ?” ያለችው ጎረቤቴ ስሕተት የላትም። ነጮቹ ጉባኤ ላይ የሚያስጠላ ነገር ሞልቷል። ሰልፉን የሚነዳ ሰው “ቀጥል! ቀጥል!” ይላል። ገንዘብ የሌለው ልጅ ከገመድ ማዶ ቆሞ ያያል። ሽማግሌው በቀን ለስንት መቶ ሰው ጥርሱን ይገልጣል፤ ይህም ሥራ ነው፣ ያደክማል። እኛ ግን ምን አደረግን? ሰላምታ በነጻ ነው ብለን ተኩራራን፤ ነጻ ስለሆነም ለነገ አሳደርነው። እነሱ ዋጋ ተመኑለትና ሰጡት። ከሁለቱ የትኛው ነው ያፈረው? ሽማግሌው በከዘራቸው መጥተው፣ ሠርተው፣ ደሞዛቸውን ኪሳቸው ከትተው ሄዱ። የእኛ ሰው ሥዕሉ ከአልጋ ላይ ተነስቶ ከሒሳብ ቁጥር ጋር ይለጠፋል።

በዚህ መሐል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የአስፈሪ ተዋናይ ፍለጋ ሆሊውድ ድረስ የሄድኩት በከንቱ ነው። እዚሁ አለ።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ እኔ ገና ልጅ ሳለሁ፣ የኪነት ቡድን የሌለው ቀበሌና መሥሪያ ቤት አልነበረም። ወሎ ላሊበላ ኪነትን የመሰለ፣ እነ ማሪቱ ለገሠን ያፈራ ስመ ጥር ቡድን ነበረን። ከሥሩ ደግሞ ስማቸውን ማንም የማያስታውሳቸው ትናንሾቹ ነበሩ። በአንድ የአብዮት በዓል ዋዜማ ደሴ ላይ ከነዚህ አንዱ ድራማ አሳየ። ወዝ አደሩ ዘፈነ፣ አርሶ አደሩ ዘፈነ። ከዚያ ከመጋረጃው ኋላ ቀንዳም፣ ጸጉራም፣ ዓይኑ የሚያብለጨልጭ ነገር እያጓራ ወጣ። ስሙ ኢምፔሪያሊዝም ነበር። እኛ ልጆች ኢምፔሪያሊዝም ምን እንደሆነ አናውቅም። ነገር ግን ዶላር በጥርሱ ይዞ ወደኛ ሲመጣ ጮኸን ተበታተንን። ከዚያ ወዲህ በስንት ንድፈ ሐሳብ አንብቤዋለሁ፤ የዚያን ቀን ያህል ግን ገብቶኝ አያውቅም።

ጠይቄ፣ አስጠይቄ፣ ሰውዬው ኮምቦልቻ እንዳሉ ሰማሁ። ከአንድ ፋብሪካ ጡረታ ወጥተዋል። በሚኒባስ ሐረጎን ጠመዝማዛ ወርጄ፣ ካፖርቴን እዚያው ሙቀቱ ውስጥ አውልቄ፣ ቤታቸው ገባሁ። ሰባዎቹን አጋምሰዋል። የመጣሁበትን ስነግራቸው ለረጅም ጊዜ አዩኝ።

“አንተ ነህ ያኔ የጮህከው?”

“ሁላችንም ነን የጮኽነው፣ ጋሼ።”

ሳቁ። ከዚያ እንዴት እንደተሠራ ነገሩኝ። ለምዱ የበግ ነው፤ ሲሞቅ ይሸታል። ቀንዱ የእውነት የበሬ ነው፤ አንገት ይሰብራል። ዓይኑ የቢራ ጠርሙስ ቂጥ ስለሆነ ፊት ለፊት አያሳይም። ስለዚህ ከመጋረጃው እስከ መድረኩ ጫፍ ስንት እርምጃ እንደሆነ ቀን ላይ ይቆጥሩ ነበር፤ አሥራ አንድ። “አሥራ ሁለተኛዋን ብረግጣት እናንተ ላይ ነው የምወድቀው” አሉኝ። የባዴጆን ዥዋዥዌ፣ የብራውኒንግን ትንፋሽ አሰብኩ። “ልጆች ሲሸሹ ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ቀን ግን ጭንብሉን አውልቄ ቤቴ ስገባ ሴት ልጄ አልጋ ሥር ገባች። ድምፄን ለይታው ኖሯል። ከዚያ በኋላ ለሁለት ወር ሌላ ሰው ሠራው።”

ቀንዱ አለ ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። ሳጥን ውስጥ ነበር፤ በ2014 ዓ.ም ጦርነት ጊዜ ሳጥኑ ከነዕቃው ተወሰደ። “ማን እንደወሰደው እንጃ፤ ከፍቶ ሲያየው ግን ደንግጧል” ብለው እንደገና ሳቁ።

ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣሁ። “ፊርማዎን ፈልጌ ነው።”

“ፊርማ?” ፊታቸው ተለወጠ። “ዋስ ልሁንህ ነው? ልጄ፣ የጡረታ ደብተሬን ለሌላ ሰው አስይዣለሁ።”

አስረዳኋቸው። የእህቴን ልጅ ፎቶ አሳየኋቸው። ስልኩን አቅርበው፣ አርቀው፣ ሽማግሌውን አዩዋቸው። “እኚህም ቀንድ ነበራቸው?” አሉ። “አዎ፣ የጎማ” አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የሙያ ባልደረባ ሲያገኙ እንደሚነቀንቁት። ከዚያ ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ቀስ ብለው ጻፉ። መጀመሪያ “ኢምፔሪያሊዝም” አሉ፤ ከሥሩ ስማቸውን እስከ አያት።

ኪሴ ገብቼ ያዘጋጀሁትን ብር ሳወጣ እጄን ያዙኝ። ቡና ተፈላ፤ እስከ በረካው ካልጠጣህ ተባልኩ፤ ራት ካልበላህ ተባልኩ። የመጨረሻው ሚኒባስ ሊያመልጠኝ ሲል ነው የተለቀቅኩት። የደሴ ባህል አፍቃሪዎች፣ ወሎ ባህል አምባም ሆናችሁ ዩኒቨርሲቲው፣ በዓመት አንድ ቀን አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበርና ስም የተጻፈበት ካርቶን አይጠፋችሁም። የመግቢያውን ብር ለሚቀመጠው ሰው ስጡት። የሚቀመጡት ሰዎች እየቀነሱ ነው።

በማግሥቱ ወረቀቱን ይዤ ቡና ሄድኩ። ጎረቤቴ አነበበችው።

“እና ስንት አስከፈሉህ?” አለችኝ።

“ምንም። እንዲያውም ቡና አጠጥተው ራት አብልተው ሸኙኝ።”

“ያው ባለዕዳ ሆነህ መጣህ በለኛ” አለችና ጀበናዋን ጣደች።